ባሕሩ በግራ በኩል ነበር

ዘይነባ ከጅማ በሄደችበት ጠዋት፣ የሸቤ መኪና ከሚሞላበት ቦታ ላይ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። የእህቷ ልጅ ከሊፋ የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፍራሿን በገመድ ያስራል። ለምለም አንድ እግሯን የመኪናው መወጣጫ ላይ አድርጋ በሩን ይዛለች። እንደ ለምለም የመጋዘን ባልደረባችን የሆነችው ጫልቱ ከመኪናው ኋላ፣ ድስቶቹ የተቋጠሩበትን ጨርቅ በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ረዳቱ ፊት ለፊት ሆኖ «ሸቤ፣ ሸቤ» እያለ ይጣራል። ዘይነባ ራሷ መሃል ላይ ጃንጥላዋን ተመርኩዛለች። እኔ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር፣ ከእነሱ ስድስት እርምጃ ያህል ርቄ ነበርሁ።

የራቅሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከአንድ ዓመት በፊት ይህችን ሴት በሰው ፊት ውሸታም አድርጌያታለሁ። ስህተቱ የእኔ እንደነበረ የገባኝ ግን በሄደችበት ሳምንት ነው። መኪናው ሞልቶ ከመነሳቱ በፊት ይህንን መናገር ነበረብኝ፤ እንዴት እንደምጀምረው ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ሸቤ ላይ ማረፏን ሰማሁ። ወሬው ሲደርሰኝ ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር። ቀብሯ ላይ ማን የት እንደቆመ ስለማላውቅ ከማውቀው፣ ከሽኝቷ ጀመርሁ።

ዘይነባን ያወቅኋት ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። እሷ ለቃሚ ነበረች፤ እኔ ተቆጣጣሪ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በመጨረሴ እስክሪብቶ ተሰጠኝና ጠዋት ስም እጠራለሁ፣ ከሰዓት የተለቀመውን እያየሁ ጥሩ ያልሆነውን እመልሳለሁ። ለቀማ ማለት ጥሬውን ቡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰበረውን በጣት እያነሱ ማውጣት ነው። ዓይንም እጅም ሥራ ላይ ነው። ሥራ የሚፈታው ጆሮና አፍ ብቻ ነው።

ቀጠን ያለች፣ አጭር፣ ሻርፗን ከአገጯ ሥር አጥብቃ የምታስር ሴት ነበረች። አንድን ነገር ስታሳይ በጣቷ አትጠቁምም፤ በአገጯ ነው። የእሷን ለቀማ መልሼ አላውቅም። አዲስ የገቡ ልጆች ተሽቀዳድመው ደህናውንም ፍሬ ከመጥፎው ጋር ሲጥሉ ካየች «ሳታዪ አታውጪ» ትላለች፤ ሌላ ቁጣ የላትም። ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ስንሠራ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲጫነን ከልጆቹ አንዷ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ለምለም ናት።

«እትዬ ዘይነባ፣ ባቡሩን ያስነሱልና።»

«የት ነበር ያቆምነው?»

«ዋሻ ውስጥ ነን።»

«ስንተኛው?»

«አምስተኛው። ከሎሚው ዛፍ በኋላ ያለው።»

«እሺ፤ እንግዲህ ወጣን» ትላለች ዘይነባ፣ እጇ ከሥራው ሳይነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነቷ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ጅማ ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረው አንድ ጣሊያናዊ ቤት ሞግዚት ነበረች። አንድ ክረምት ባልና ሚስቱ አገራቸው ለጥየቃ ሲሄዱ ሕፃኑን እንድትይዝ ይዘዋት ሄዱ። ጄኖቫ ከሚባል ከተማ በባቡር ተነስተው ላ ስፔዚያ ወደሚባል ከተማ፣ ወደ ሚስትየው እናት ቤት ተጓዙ። መንገዱ ባሕሩን ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ ከሰዓት በኋላ የማይሞላ ጉዞ ነው። ዘይነባ ያንን ጉዞ ለሃያ ዓመት ስታወራው አላለቀም።

ያላለቀበት ምክንያት ዋሻው ነው። እዚያ አገር ተራራው ባሕሩ ድረስ ስለሚወርድ ባቡሩ ተራራውን እየበሳ ያልፋል። ባሕሩ ለአፍታ ይታያል፣ ጨለማ ይሆናል፣ እንደገና ይታያል። ዘይነባ ስታወራ ዋሻው ጋ ስትደርስ «ዋሻ» ትልና ዝም ትላለች። እሷ ዝም ስትል ሁሉም ዝም ይላል። እስክትወጣ መናገር አይቻልም፤ ማን እንደደነገገው አላውቅም። አርባ ሴት በተቀመጠበት መጋዘን ውስጥ ፍሬው ጣሳው ላይ ሲወድቅ ብቻ ይሰማል። ሥራ በጣም የሚሠራው ያኔ ስለነበረ እኔም አልከለክልም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ከዋሻው በኋላ ምን እንደሚመጣ ማወቅ እፈልግ ነበር።

«አሁን ሰዎቹ ጋ ደረስን» አለች አንድ ቀን። «ድንጋይ ላይ ተጋድመዋል። ጠዋት የወጡ ይመስለኛል፤ ቀልተዋል።»

«ራቁታቸውን?» አለች ለምለም።

«ሴቶቹ ከዚህ እስከዚህ ጨርቅ አላቸው።»

«ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹማ ያንንም ቆጥበዋል።»

ሳቁ ሊፈነዳ ሲል «ዋሻ» አለች። አርባ ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እኔ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም፤ ባሕርም አላየሁም። ስለዚህ እጠይቃት ነበር። ባሕሩ ከሐዲዱ ምን ያህል ዝቅ ይላል? ይሸታል? ጨለማው ውስጥ ምን ይታያል?

«ዋሻው ውስጥ ከሆንሽ መስታወቱ የሚያሳይሽ ራስሽን ነው» አለችኝ። «አንዲት የጅማ ልጅ የሰው ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሕሩ ሲመጣ ትጠፋለች።»

ቀለሙንም ጠየቅኋት። የታጠበ ጥሬ ቡና ፊቷ ተዘርግቶ ነበር፤ ጥሩ የታጠበ ቡና አረንጓዴ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም አለው። አንዲት ፍሬ አነሳች፣ በምላሷ ጫፍ አረጠበቻትና ወደ ብርሃኑ ያዘቻት። «ይኸው» አለች። ፍሬዋን ተቀብዬ አየሁ። እስክትደርቅ ድረስ ያዝኋት።

ወሬዋ በአንድ ነገር ከሌላው ሰው ወሬ ይለይ ነበር። እሷ ስታወራ ነገር ሁሉ ያንሳል። «አንዲት ሴት ከሦስተኛ ፎቅ አንሶላ ታሰጣለች። አንሶላው ነጭ ነው። ከዚያ መሐረብ ያክላል። ከዚያ ጥርስ ያክላል። ከዚያ የለም።» ጀልባውም፣ ሎሚውም፣ ጣቢያው ላይ ኮፍያውን ያወለቀው ሰውዬም እንዲሁ ነው። ከጎኗ ድንገት ብቅ ይላል፤ ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። የአነጋገሯ ጣዕም ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ቤቴ ስገባ የሰማሁትን በአሮጌ የስም መጥሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። የሎሚው ዛፍ፣ አምስተኛው ዋሻ፣ እርከን ላይ የተተከለው ወይን፣ ግማሹ ዋሻ ውስጥ የገባው ጣቢያ፣ የኋለኛው ፉርጎ ተሳፋሪ በጨለማ የሚወርድበት። ከዓመት በኋላ ስትደግመው ከወረቀቴ ጋር አስተያየዋለሁ። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ያመንኋት በዚህ ነበር።

ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ግቢዬ ውስጥ ጤና ኮሌጅ የምታስተምር ቤተልሔም የምትባል ተከራይ አለችኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጠየቅኋት።

«በስልክሽ ላይ የጣሊያን ባቡር ይገኛል?»

«ምን የማይገኝ አለ፣ እማማ። የትኛው ባቡር?»

ወረቀቴን አውጥቼ የሁለቱን ከተሞች ስም አነበብሁላት። ጥቂት ፈለገችና ስልኩን ጭኔ ላይ አደረገችልኝ። አንድ ሰው ባቡሩ ውስጥ ተቀምጦ ያነሳው ነው፤ ከጄኖቫ ተነስቶ ወደ ላ ስፔዚያ ይሄዳል። ዋሻው መጣ። ባሕሩ መጣ። ዋሻ። እርከኑ፣ ቢጫና ሮዝ ቤቶቹ፣ የተሰጣው ልብስ፣ ድንጋይ ላይ የተጋደሙት ሰዎች። ያን ሁሉ ዘመን በጆሮዬ የማውቀውን በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ዘይነባ ሁልጊዜ «ባሕሩ በግራ እጄ ነበር» ነው የምትለው። ሰውዬው ግን ወደፊት ሲያሳይ ባሕሩ በቀኝ ነው።

«መልሰሽ አሳዪኝ» አልኋት። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ በቀኝ ነው።

«ከዚያኛው ከተማ ወደዚህ መጥተው ይሆናላ» አለች ቤተልሔም።

«ከጄኖቫ ነው የተነሳችው።»

«እንግዲህ ይጠይቋቸዋ፣ እማማ።»

እሷ እንዳለችኝ አድርጌ ቢሆን ይህንን አልጽፍም ነበር።

በነጋታው ሳይሆን ማክሰኞ ነው። ለምለም ባቡሩን አስነስታለች፤ ዘይነባ ከሁለተኛው ዋሻ ወጥታ «እንግዲህ ባሕሩ በግራ እጄ…» ስትል ከጠረጴዛው ራስ ላይ ሆኜ ተናገርሁ።

«ዘይነባ፣ ባሕሩ በቀኝ ነው።»

ቀና አለች። «ማን አለ?»

«አይቼዋለሁ። በስልክ።»

የያዘችውን ፍሬ አስቀምጣ ግራ እጇን ተመለከተች። «ለእኔ በግራ ነበር» አለች።

«ባቡሩም ሐዲዱም አንድ ነው። ከጄኖቫ ለተነሳ ሰው ባሕሩ በቀኝ ነው።» ይህንን ያልሁት መጥፎ ለቀማ ስመልስ በምናገርበት ድምፅ ነው። ሌላ ድምፅ አልነበረኝም።

አንዲት አዲስ የገባች ልጅ ከኋላ በኩል «እትዬ ዘይነባ፣ ምናልባት የሄዱት እዚሁ አጋሮ ይሆን እንዴ?» አለች። ሳቁ። ዘይነባም በአፏ ብቻ ፈገግ አለች፤ ከዚያ «ዋሻ» አለችና ወደ ቡናው አቀረቀረች።

ከዚያ ዋሻ አልወጣችም።

የመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ጠበቁ። በሁለተኛው ለምለም «ይሄ ዋሻ ረዘመ እኮ፣ እትዬ» አለቻት። «ረዥምም አለ» ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም። ልጆቹ ስለ ሰርግና ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም የስልክ ገመድ ጆሯቸው ውስጥ ከተው ይለቅማሉ። ዘይነባ እንደወትሮው ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ እንደወትሮው ቡናዋ ንጹሕ ነው። ለምለም ግን አንድ ቀን ስም ጠርቼ ስጨርስ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እርስዎ ደግሞ ምን አስቸኮለዎት?» አለችኝ።

የስም መጥሪያዬን አጥፌ ሄድሁ። ትክክል ነኝ ብዬ ነበርና። እንዲያውም ነገሩ ባሕሩ ላይ አላበቃም። ነቀዝ የበሳው አንድ ፍሬ ያገኘ ሰው ጆንያውን በሙሉ ይጠረጥራል። ጣሊያን መሄዷንም ተጠራጠርሁ፤ ወሬውን ከእመቤቷ ሰምታው ይሆናል አልሁ። እናቷ ሊሙ ገነት ነው የተወለደችው ያለችኝንም ተጠራጠርሁ። ወረቀቶቼን ሰብስቤ ቁም ሳጥን ሥር ጣልኋቸው።

በዓመቱ መጋዘኑ ቡናውን በብርሃን እያየ የሚለይ ማሽን አስገባ። ከአርባው ሴት የቀረው ጥቂት ነው። የዘይነባ ዓይንም ሞራ እየጋረደው ነበር። ከሊፋ ሸቤ እወስድሻለሁ ብሏት፣ መንደራ ቆጪ ያለውን የኪራይ ቤቷን ለቀቀች። ሐሙስ እንደምትሄድ ለምለም ነገረችኝ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ አጋሮ ለቅሶ ነበረብኝ። ሚኒባሱ ሞልቶ የቀረው አንድ ቦታ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው ያዞረው መቀመጫ ነው። ማንም አይወደውም፤ ያዞራል፣ የሰው ጉልበት ይነካል። የሚሄድ ሌላ መኪና ስላልነበረ ተቀመጥሁ።

የአጋሮን መንገድ ከአርባ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ከከተማ እንደወጡ ቀይ ጣሪያ ያለው ወፍጮ ቤት አለ፤ በቀኝ ነው። ሁሌም በቀኝ ነው። በዚያን ቀን በግራ እጄ በኩል መጣ። መጀመሪያ ሌላ ወፍጮ ቤት ነው ብዬ ነበር። ቀጥሎ መስጊዱ በግራ እጄ ሆነ፤ ቀጥሎ የባሕር ዛፉ ኮረብታ። ሁሉም ሳላያቸው ከጆሮዬ ኋላ ድንገት ብቅ እያሉ፣ ፊቴ እየቆሙ፣ ከዚያ እያነሱ ይሄዳሉ። አንዲት ሴት መንገድ ዳር ነጭ ጋቢ አጥር ላይ አስጥታ ነበር። ጋቢው መሐረብ አከለ። ከዚያ ጥርስ አከለ። ከዚያ የለም።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ «አመመዎት እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አልኋቸው።

እዚያ ለቅሶ ቤት ማን ምን እንዳለኝ አላስታውስም። ዘይነባ «ሳታዪ አታውጪ» ትል ነበር። እኔ ሳላይ አወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ ከምሰሶው ሥር ቆሜያለሁ። መኪናው ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል። ከሊፋ ገመዱን ቋጥሮ ወረደ። ያን ጊዜ ስድስቱን እርምጃ ሄድሁ።

«ዘይነባ።»

«የሺ፣ መጣሽ?»

«ባቡሩ ውስጥ የተቀመጥሽው ፊትሽን ወደ ኋላ አዙረሽ ነው።»

ጃንጥላዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ወይዘሮዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ያስመልሳት ነበር» አለች። «ያ መቀመጫ ለእኔ ደረሰኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ነገርሽኝ እንጂ።»

ለምለም እግሯን ከመወጣጫው ላይ አወረደች። ወደ እሷና ወደ ጫልቱ ዞሬ፣ ጠዋት ጠዋት ስም በምጠራበት ድምፅ ተናገርሁ። «ባሕሩ በግራ ነበር። ዘይነባ እንዳለችው ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ለሌሎቹም ንገሯቸው።»

መኪናው ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩን። አንድ ሽማግሌ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «የምን ባሕር ነው?» አሉ።

«ጋላና፣ አባ» አለቻቸው ጫልቱ፤ ባሕር ማለት ነው በኦሮምኛ።

«ሸቤ ባሕር የለም» አሉ ሽማግሌው፣ ነገሩ አሳስቧቸው።

ዘይነባ ሳቀች። በዚያ ዓመት ውስጥ በዓይኗ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። አንድ የምጠይቃት ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ሌላ ጊዜ እንደማላገኝ ስለገመትሁ ጠየቅኋት።

«ወደ ኋላ መሄዱ አያስጠላም ነበር?»

«እነሱ የሚመጣውን ሲቀበሉ እኔ የሚሄደውን ሸኘሁ» አለች። «ወላሂ፣ የሚሸኝ ሰው ብዙ ያያል። እነሱ አንዷን ጀልባ አንድ ጊዜ ነው ያዩአት። እኔ እስክትጠፋ ድረስ አየኋት።»

ጫልቱ የድስቶቹን ቋጠሮ ለከሊፋ አቀበለችው። ረዳቱ መጣና የፊተኛውን በር ከፈተላት።

«እማማ፣ ጋቢና ይግቡ። ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኩት።»

ዘይነባ ወደ መኪናው ውስጥ በአገጯ አሳየች። «ያ ባዶ ነው?»

«እሱማ ወደ ኋላ ነው፣ እማማ። ያዞርዎታል።»

«ለምጄዋለሁ፣ ልጄ። ከሊፋን ጋቢና አስገባው፤ እሱን ነው የሚያዞረው።»

ለምለም ክንዷን ይዛ አሳፈረቻት። «እትዬ፣ መንገድ ላይ ዋሻ የለም፤ እያወሩ ይሂዱ» አለቻት፤ ድምፅዋ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

«ነጋቲ» አለች ዘይነባ፤ ደህና ሁኑ ማለቷ ነው።

ከሾፌሩ ጀርባ፣ ፊቷን ወደ ተሳፋሪው አዙራ ተቀመጠች። ሻርፗን ከአገጯ ሥር አጠበቀች። ረዳቱ በሩን ዘጋው። መኪናው ሲነሳ በሰዎቹ ራስ መካከል፣ በኋለኛው መስታወት በኩል ታየችኝ። እጅዋን አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። መታጠፊያው ላይ እስኪደርሱ ድረስ ፊቷ ወደ እኛ ነበር።